በጨፋ ሸለቆ ገንዘቡ ተመዝግቧል፤ ሣሩስ?

ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ ወደ አዋሽ የሚያቀናው የቦርከና ወንዝ ከሚሴ አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሜዳው ሰፊና ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃው ይንጣለላል፤ የተንጣለለው ውሃ ረግረግ ይሆናል፤ ረግረጉም ዙሪያው ያለው ቆላ በሚደርቅበት ወራት ለምለም ሣር ይይዛል። የጨፋ ሸለቆ ሀብት የሚጀምረው ከዚህ ነው። በበጋ የአፋር አርብቶ አደር ከምሥራቅ ግመሉንና ከብቱን እየነዳ ይመጣበታል፤ የኦሮሞና የአርጎባ አርቢም ከአጎራባች ቀበሌዎች ይሰማራበታል። ገበሬው በበኩሉ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይዘራል፤ ፓምፕ ያለው ደግሞ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ከሚሴን ማዕከሉ ያደረገው የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ450 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው፤ የብዙው ኑሮ ከዚህ ውሃና ከዚህ ሣር ጋር በሆነ መንገድ የተሳሰረ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በዚህ ኑሮ ላይ ሌላ ሥርዓት ተደርቧል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለውን ስትራቴጂ በሰኔ 2012 አጸደቀ። በግንቦት 2013 የኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በመስከረም 2015 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን በይፋ አስጀመረ፤ በነሐሴ 2015 የሳፋሪኮም የስልክ ገንዘብ ኤምፔሳ ተከተለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ወደ ባንኮች በር ደረሰ። የገጠር መሬት ይዞታም ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር እየተሸጋገረ ነው።

ዲጂታል ኢኮኖሚ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው በስልክ መክፈልን ነው። ክፍያ ግን የሚታየው ጫፍ ነው። ከሥሩ ማን ብድር እንደሚያገኝ፣ የማን ይዞታ በካርታ ላይ እንደሚሰፍር፣ የትኛው ምርት ብሔራዊ ዋጋ እንደሚያገኝ የሚወስን የመዝገብ ሥርዓት አለ። በጨፋ ጉዳይ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ የሚሸጠው ሁሉ መዝገብ አግኝቷል፤ የጋራ የሆነው ውሃና ሣር ግን አላገኘም። አንዱ እየፈጠነ ሌላው ባለበት ከቀረ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይበላዋል።

ክፍያው ምን ለወጠ?

ቴሌብር በ2017 በጀት ዓመት ማብቂያ ከ54 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ኢትዮ ቴሌኮም አስታውቋል። የዓለም ባንክ መረጃ እንደሚያሳየው የፋይናንስ ሒሳብ ያላቸው ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2017 35 በመቶ የነበረ ሲሆን በ2022 46 በመቶ ደርሷል። በሴቶችና በወንዶች መካከል ያለው ልዩነት ግን ከ10 ነጥብ በላይ ሆኖ ቀጥሏል። ለገጠሩ ወሳኙ ነገር አገልግሎቱ ኢንተርኔትም ሆነ ዘመናዊ ስልክ የግድ አለመጠየቁ ነው፤ ተራ ስልክ የያዘ ሰው *127# ደውሎ ይልካል፣ ይቀበላል።

በሰኞው የባቲ ገበያና በእሑዱ የሰንበቴ ገበያ ይህ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የከብት ነጋዴ ጥሬ ገንዘብ በጉያው ይዞ መጓዝ አደጋ በሆነበት ዘመን ገንዘቡን በስልክ ማሳለፍ ከዝርፊያ ስጋት ይገላግለዋል። ዳሩ ግን የገበያ ቀን የራሱ ችግር አለው። ገንዘቡ በአንድ አቅጣጫ ነው የሚፈሰው፤ ገዢው ከከተማ፣ ሻጩ ከገጠር። ሻጮች ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት ወደ ወኪሉ ሄደው ጥሬ ብር ሲጠይቁ የወኪሉ ካዝና ይራቆታል። በማግስቱ ደግሞ ወኪሉ ሥራ ፈቶ ይውላል። ስለዚህ በርካታ ሻጭ ከብቱን ሲሸጥ አሁንም «ብሩን በእጄ» ይላል፤ እዚህ ላይ ኋላ ቀርነትን ከማየት ይልቅ ቀላል ስሌትን ማየት ይሻላል። ቀበሌው ውስጥ ያለው ሱቅ፣ ወፍጮ ቤቱና ሐኪሙ በስልክ የማይቀበሉ ከሆነ በስልክ የተቀመጠ ብር እስኪወጣ ድረስ ግማሽ ብር ነው። የግብር ፍርሃትም አለ፤ በስልክ ያለፈ ገንዘብ ዱካ ይተዋል፤ ዱካ ያለው ነጋዴ ደግሞ ከዱካ ቢሱ ጎረቤቱ ቀድሞ ይገመታል።

ቋንቋም ሌላው እንቅፋት ነው። ቴሌብር ሲጀምር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ነበር። የከሚሴ ነዋሪ በቋንቋው አገኘው፤ በበጋ ሣሩን የሚጋራው አፋር ግን ያኔ አላገኘም። ሸለቆውን ከሚጠቀሙት መካከል ከመዝገቡ ውጭ የሚቀረው አዘውትሮ አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ሌላው የገንዘብ ምንጭ ባሕር ማዶ ነው። ወሎና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ለረጅም ጊዜ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤ አገሮች ሠራተኛ የሚወጣባቸው አካባቢዎች ናቸው፤ በባቲ በኩል በአፋር አቋርጦ ወደ ጅቡቲና የመን የሚወስደው መንገድም የታወቀ ነው። የስልክ ገንዘብ እህት ለቤተሰብ የምትልከውን አፍጥኖታል። ያንኑ ያህል ደላላው በስልክ እንዲደራደር፣ በመንገድ የተያዘ ልጅ ማስለቀቂያም በፍጥነት እንዲከፈል አስችሏል። በሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላም በሕጋዊውና በጥቁር ገበያው መካከል ልዩነት እስካለ ድረስ ኢመደበኛው ሐዋላ ከመተግበሪያው ጋር መወዳደሩን አያቆምም። ደርሶ የሚገባው ገንዘብ ቤት ይሆናል፣ ባጃጅ ይሆናል፣ ለአንዳንዱም የውሃ ፓምፕ ይሆናል። ከፓምፑ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው።

ብድሩና ውሃው

በ2014 ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶችን ጀመረ። ያለ ዋስ፣ ያለ ቢሮ ምልልስ ብድር መገኘቱ በእርግጥ ትልቅ ለውጥ ነው። ሆኖም ብድሩን የሚፈቅደው ስሌት የሚያየው የስልክ እንቅስቃሴን ነው፦ ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ በምን ያህል ጊዜ። በዚህ ዓይን ሲታይ በየቀኑ አነስተኛ ክፍያ የሚያንቀሳቅስ የከሚሴ ባለ ሱቅ ታማኝ ነው፤ ሀብቱ በእግሩ የሚሄድ፣ በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ብቻ ከብት የሚሸጥ አርብቶ አደር ግን ድሃ መስሎ ይታያል። ሃምሳ ከብት ለስሌቱ ቁጥር አይደለም።

ከዚያ በላይ ሃይማኖታዊው ጉዳይ አለ። በዞኑ እጅግ የሚበዛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ብዙዎችም ወለድን ሪባ ነው ብለው ይርቁታል። ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት ደረጃ እንዲሰጥ ከፈቀደ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነው ዘምዘም ባንክም በሰኔ 2013 ሥራ ጀምሯል። ሆኖም ከወለድ ነፃ ፋይናንስ እቃ ገዝቶ ከማትረፍ ወይም በትርፍና ኪሳራ ከመጋራት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ማጣራትና ክትትል ይፈልጋል፤ በደቂቃ ከሚፈቀድ የስልክ ብድር ጋር በባሕርይው አይገጥምም። ጨፋ ላይ የሚሠራ ዲጂታል ብድር ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ሰፊው ገበሬ ጋ ይደርሳል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ለዘላቂነት ከዚህ የሚበልጠው ግን የብድሩ ዕድሜ ነው። በሳምንታትና በወራት የሚመለስ ብድር ተበዳሪውን በሳምንታትና በወራት ገንዘብ ወደሚሆን ምርት ይገፋዋል። በጨፋ ይህ ማለት ሽንኩርትና ቲማቲም ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም ደግሞ በበጋ በፓምፕ ይጠጣሉ። ጥላ ዛፍ ለመትከል፣ እርከን ለመጠገን ወይም የግጦሽ መሬትን ለማሳረፍ የሚሆን የስልክ ብድር የለም፤ ትርፉ ዘግይቶ የሚመጣና ለአንድ ሰው ብቻ የማይደርስ ስለሆነ አበዳሪ አያገኝም።

የተቃራኒው ምሳሌ ማሾ ነው። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መገበያየት ከጀመረበት ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በሸዋሮቢት አካባቢና በዚህ ዞን ቆላማ ወረዳዎች የታወቀ የገንዘብ ሰብል ሆኗል። በሁለትና ሦስት ወር ይደርሳል፣ ውሃ ብዙ አይፈልግም፣ እንደ ጥራጥሬነቱም ናይትሮጅን ወደ አፈሩ ይመልሳል። ወደ ምርት ገበያው መስመር 934 ደውሎ ዋጋ የሚጠይቅ ገበሬ ከመንደር ሰብሳቢው ጋር ሲደራደር ባዶ እጁን አይደለም። መረጃ ገበያን ለአፈር ደግ ወደሆነ ሰብል የሚስብበት መንገድ እንዳለ ይህ ያሳያል። ይሁንና ዋጋው የሚወሰነው ሩቅ ነው፤ ሕንድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ከውጭ የሚገባውን ማሾ በኮታ ስትገድብ በስልኩ ላይ የሚታየው ቁጥር መውረዱን ለገበሬው ይነግረዋል እንጂ አይጠብቀውም።

ወደ ፓምፑ እንመለስ። ለዓመታት ውሃውን ከመጠን ያለፈ መሳብ ካቀዘቀዙት ነገሮች አንዱ ነዳጅ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰዓት ናፍጣ ወይም ቤንዚን መክፈል ልጓም ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ ሲነሳ በቴሌብር በኩል የተደጎመው የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪ ነው፤ ፓምፕ ያለው ገበሬ በዝርዝሩ አልነበረም። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በየደረጃው ዲጂታል ብቻ ሆነ። የዋጋው መናርና የግዥ ሥርዓቱ መጥበቅ ተደምረው ዐይንን ወደ ፀሐይ ኃይል ፓምፕ ያዞራሉ።

የፀሐይ ፓምፕ ጭስ የለውም፣ ነዳጅ አይፈልግም፣ የውጭ ምንዛሪ ይቆጥባል። በልማት ሪፖርት ላይ ሦስት ግብ በአንዴ ይመታል። ግን ፓኔሉ አንዴ ከተተከለ በኋላ ተጨማሪ አንድ ሰዓት መሳብ ዋጋ የለውም፤ ልጓሙ ወለቀ። በሕንዷ ራጃስታን ሲወራ የኖረው ስጋት ይኸው ነው፦ ንጹሕ ኃይል የከርሰ ምድር ውሃን መመናመን ያፈጥናል። በጨፋ የሚሳበው የቦርከና ውሃ ረግረጉን የሚያረጥበው ያው ውሃ ነው፤ በላይ የተሳበው በታች ሣር አይሆንም።

የሚገርመው፣ ችግሩን የሚያመጣው መሣሪያ መፍትሔውንም ይዞ መምጣት መቻሉ ነው። በኬንያ ሰንካልቸርን የመሰሉ ኩባንያዎች የፀሐይ ፓምፕን በየወሩ በስልክ በሚከፈል ሒሳብ ይሸጣሉ፤ ፓምፑን ከርቀት ስለሚከታተሉት ስንት ሰዓት እንደሠራ ይታወቃል። ያ መረጃ የብድር መከታተያ ሆኖ የተፈጠረ ቢሆንም በሌላ አነጋገር የውሃ ቆጣሪ ነው። ተመሳሳይ ፓምፖች ወደ ጨፋ ሲገቡ መረጃው በኩባንያው ቋት ብቻ ይቀራል ወይስ ለአዋሽ ተፋሰስ አስተዳደር ጭምር ይደርሳል? ይህ የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ገና ብዙ ፓምፕ ሳይገባ በፈቃዱ ውስጥ ማስፈር ይቻላል፤ ከገባ በኋላ ግን ማንም አይስማማም።

በአዋሽ ተፋሰስ ለመስኖ ውሃ የሚከፈለው ለብዙ ዓመታት በ1,000 ሜትር ኩብ 3 ብር ነበር። ይህ ዋጋ ለሚያስከፍለው አካል የመሰብሰቢያ ወጪውን እንኳ ስለማይሸፍን ክትትሉ በትልልቅ እርሻዎች ላይ ያተኩራል፤ ትንንሾቹ ፓምፖች ተደምረው የሚስቡት ሳይታይ ይቀራል። ቆጣሪ ባይኖርም ግን መለኪያ አለ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋፖር የተባለው ክፍት የመረጃ ቋት ማሳዎች የሚያተኑትን ውሃ በሳተላይት ይገምታል፤ የአዋሽ ተፋሰስም ከሚሸፍናቸው አንዱ ነው። የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ደግሞ በየ5 ቀኑ ምድሩን በ10 ሜትር ጥራት ያነሳሉ፤ ምስሉም ነፃ ነው። መረጃው አለ። የጠፋው ጠያቂው ነው፦ ረግረጉ በአማራ ክልል፣ የበጋ ተጠቃሚው ከፊሉ ከአፋር ክልል፣ በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና የከተማዋ ፋብሪካዎች ከላይ በደቡብ ወሎ ሲሆኑ አንድ ሆኖ የሚጠይቅ ባለቤት አይገኝም። የኮምቦልቻ ፍሳሽ በቦርከና ገባሮች ላይ የሚያደርሰው ብክለት በተደጋጋሚ የተጠና ነው፤ የጥናቱ ውጤት ግን ውሃውን ለሚያጠጣው እረኛ በአጭር መልእክት አይደርስም። 8028 ብሎ የሚደውል ገበሬ ስለ ዘርና ማዳበሪያ ምክር ያገኛል። ዛሬ ቦርከና ለከብት ይበጃል ወይ ብሎ የሚደውልበት ቁጥር የለም።

ካርታው የማያየው

የመሬት ምዝገባው ለገበሬው ዋስትና ነው። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ማሳውን በካርታ ያሳያል፤ የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009 ደግሞ የመጠቀም መብትን በዋስትና ለማስያዝ በር ከፍቷል፤ የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም በዚያው መንገድ ሄዷል። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ጸደይ ባንክ ከሆነ ወዲህ ይህ መሬትና ብድርን የማገናኘት ሥራ የባንክ ሥራ ሆኗል።

የኮምፒዩተር መዝገብ ግን የሚፈልገው የተዘጋ መስመርና አንድ ባለይዞታ ነው። ጨፋ ላይ ያለው መብት እንዲህ አይደለም። አንድ ማሳ በክረምት የገበሬው ነው፤ አዝመራው ከተነሳ በኋላ ቃርሚያው ለእንግዳ ከብት ይለቀቃል፤ ገበሬው በልዋጩ ፍግ፣ ወተት ወይም ክፍያ ያገኛል፤ ዝርዝሩን የሚጨርሱት ሽማግሌዎች ናቸው። ይህ በወቅት የሚከፈትና የሚዘጋ መብት በየትኛውም ዓምድ አይሞላም። ያልተሞላ መብት ደግሞ ውዝግብ ሲነሳ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ይዞታውን በባንክ ያስያዘ ገበሬም ማሳውን አጥሮ ዓመቱን ሙሉ ለማልማት ይገፋፋል። ባንኩ ከብት አያውቅም።

በአፋር በ2005 ዓ.ም. ገደማ የተሞከረ አንድ ሥራ ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። ፒሲአይ የተባለው ድርጅት ከማኅበረሰቡ ጋር ባህላዊውን የግጦሽ ክልል በካርታ ላይ አሠመረ፤ በላዩ የሳተላይት የአረንጓዴነት መረጃ እየደረበ በየ10 ቀኑ አደረሰ። አርብቶ አደሩ ሰው ልኮ ከማስቃኘት በፊት የት ሣር እንዳለ ያውቃል። ሐሳቡ በኋላ አፍሪስካውት ወደተባለ መተግበሪያ አድጓል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ገደቡን ግን ጨፋ በደንብ ያሳየዋል። ሳተላይት አረንጓዴ ያያል፤ አረንጓዴው ሣር ይሁን በፓምፕ የለማ ሽንኩርት፣ ክፍት ይሁን የታጠረ፣ ዘንድሮ ሽማግሌ ተስማምቶበት ይሁን ደም ፈስሶበት አያውቅም። ይህን የሚያውቀው ዳጉ ነው፤ አፋር መንገድ ላይ ተገናኝቶ፣ ተቀምጦ፣ ምንጩን እየጠየቀ ወሬ የሚለዋወጥበት ሥርዓት። ዳጉ ውሸት ያወራን ሰው ይቀጣል፤ ስለ ሸለቆው በስልክ የሚዘዋወረው ወሬ ግን ቀጪ የለውም፤ አንድ ምስል ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መንገድ ሊያዘጋ ይችላል። እስካሁን ከሳተላይቱም ከስልኩም የበለጠ ሣር ያስገኘው ይህ የሽምግልና መረጃ ነው፤ በወሎ እንደ አበጋር ያሉ የእርቅ ሥርዓቶችም የሚሠሩት በዚሁ መተማመን ላይ ነው።

ኢንሹራንሱም ከዚህ አይርቅም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና የተሞከረው በሳተላይት መለኪያ የሚሠራ የከብት ኢንሹራንስ ሣር ሲጠፋ ገንዘብ ይከፍላል። ለአፋር ግን የድርቅ ዋስትናው ራሱ ጨፋ ነበር። ጨፋ ከተዘጋ በኋላ የሚከፈል ገንዘብ በገበያ የሌለ መኖ አይገዛም።

ኔትወርኩ ሲቋረጥ

በሐምሌ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል አብዛኛው ክፍል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። ከዚያ በፊትም በ2013 በአጣዬና አካባቢው የደረሰው ውድመት፣ በ2014 መጀመሪያ ከሚሴ የደረሰው ጦርነት የመገናኛውን መስመር ነክቷል። የሸለቆው ንግድ ከኮምቦልቻና ደሴ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ መቋረጡ በአንድ ከተማ ተወስኖ አይቀርም። ውጤቱ ከጠፋው ገቢ በላይ የባሕርይ ለውጥ ነው፤ አንዴ ገንዘቡ ስልክ ውስጥ የተቆለፈበት ነጋዴ ቀጣዩን ብር በእጁ ይይዛል። በየሳምንቱ ሊጠፋ በሚችል መስመር ላይ የሦስት ዓመት የፓምፕ ክፍያ ወይም የድርቅ ማስጠንቀቂያ መገንባት ከባድ ነው። ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ተዘርግቶ ሥራ ሳይጀምር የቆየው የባቡር ሐዲድ እንደሚያስታውሰን ይህ የተሠራ ነገርና የሚሠራ ነገር አንድ ያልሆኑበት አገር ነው።

ወዴት ሊሄድ ይችላል?

ሦስት አቅጣጫዎች ይታያሉ፤ እኩል ዕድል ግን የላቸውም።

በጣም የሚጠበቀው ነገሮች አሁን በያዙት መንገድ መቀጠላቸው ነው። የስልክ ክፍያው ሰላም ባለበት ልክ ይስፋፋል፣ ብድሩ ለከተማው ይደርሳል፣ የፀሐይ ፓምፕ ይበዛል፣ ምዝገባው ማሳውን ያጥራል። የአንድ ገበሬ ገቢ ያድጋል፤ የከሚሴ ገበያም ይደምቃል። ረግረጉ ግን እየጠበበ ይሄዳል፤ ክፉ ድርቅ በመጣበት ዓመት ከአፋር የሚመጣው ከብት የሚያርፍበት ያጣል፤ ግጭቱም ብሔር ተኮር ስም ይሰጠዋል፤ ሥሩ ግን ውሃ ይሆናል። በስታቲስቲክስ ሲታይ ይህ ዕድገት ነው፤ ኪሳራው በሌላ ክልል መዝገብ ስለሚጻፍ አይታይም።

ሁለተኛው ግጭቱ ከርሮ መስመሩ እየተቋረጠ ሁሉም ወደ ጥሬ ገንዘብና ወደ ሐዋላ የሚመለስበት ነው። ለኢኮኖሚው ጎጂ ነው። ለረግረጉ እንኳ ዕረፍት አይደለም፤ ጠባቂ የሌለው ውሃ በጉልበተኛ ስለሚሳብ።

ሦስተኛው ዕድሉ አነስተኛ፣ ወጪው ግን የሚቻል ነው። ፓምፖች ሲሸጡም ሆነ በብድር ሲሰጡ ይመዘገባሉ፤ የሠሩበት ሰዓት ለተፋሰሱ አስተዳደር ይደርሳል። ወቅታዊው የግጦሽ መብት በካርታው ላይ እንደ ሁለተኛ መብት ይሰፍራል፤ የሚያጸድቀውም የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች የተስማሙበት ቃል ነው። የሳተላይቱ መረጃ በአፋርኛና በአፋን ኦሮሞ ለእነዚሁ ሽማግሌዎች ከመስከረም ጀምሮ ይቀርባል። አደጋም አለው፤ የተመዘገበ አርብቶ አደር የሚታይ አርብቶ አደር ነው፤ በግጭት ጊዜ ከብቱ የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ በማን እጅ እንደሚገባ ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ግለሰብን ይመለከታል፤ የማኅበረሰብ የግጦሽ ካርታ የማን መረጃ እንደሆነ አይመልስም። ስለዚህ ካርታው በየማኅበረሰቡ እጅ ቢቆይና የመንግሥት መዝገብ ስምምነቱን ብቻ ቢይዝ የተሻለ ይመስለኛል፤ ለባንክና ለፕላን ቢሮ የማይመች ቢሆንም።

ከሦስቱ ወደ የትኛው እንደምናመራ የሚያሳየው የቴሌብር ደንበኞች ብዛት አይደለም። የሚያሳየው በመጪዎቹ ዓመታት ወደ ሸለቆው ወረዳዎች ወደ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲና ጂሌ ጥሙጋ የሚገቡት ፓምፖች የሚገቡበት ውል ነው፦ በውሉ ውስጥ ስለ ውሃው አንድ አንቀጽ አለ ወይስ የለም።